ዝምታ ፈቃድ አይደለም፦ የቴክኖሎጂ ሞኖፖሎች ማፈግፈግና የተጠቃሚው ሕዝብ ትግል

የካፒታሊዝም ሥርዓት ከተወለደበት ጊዜ አንሥቶ ይዞት የመጣ አንድ መሠረታዊ ባሕርይ አለው። ይኸውም የጋራ የነበረውን፣ ወይም ከቶውንም ሸቀጥ ያልነበረውን ነገር አጥሮ የግል ሀብት ማድረግ ነው። በእንግሊዝ አገር ድኻው ገበሬ ከብቱን ያሰማራበት የነበረው የጋራ ግጦሽ በየዘመኑ በአጥር እየተከለለ የባለመሬቶች የበግ ማርቢያ ሆነ፤ ገበሬውም ከቀዬው ተነቅሎ ጉልበቱን ሊሸጥ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ተሰደደ። በአፍሪካም ምድር ቅኝ ገዥዎች «ባለቤት የሌለው መሬት» የሚል ስም እየሰጡ የሰፊውን ሕዝብ ይዞታ ነጠቁ። በዘመናችን የአጥሩ ቦታ ተለውጧል። ዛሬ የሚታጠረው መሬት ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅ ንግግር፣ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍ፣ ድምፅና የግል ምስጢር ጭምር ነው። የአጣሪዎቹ መከራከሪያ ግን እምብዛም አልተለወጠም፤ «ባለቤቱ ዝም ስላለ ፈቅዷል» የሚል ነው።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ታላላቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለውን ቴክኖሎጂ በየኮምፒውተሩና በየስልኩ ውስጥ ሲያስገቡ፣ የተጠቃሚው ሕዝብ ቁጣ በተደጋጋሚ ፈንድቷል። ኩባንያዎቹም በተደጋጋሚ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ታይተዋል። አንዳንዱ ይቅርታ ጠይቋል፤ አንዳንዱ ውሉን አርሟል፤ አንዳንዱም ያወጀውን ዕቅድ ሰርዟል። ይህን የተመለከቱ ወገኖች «ኩባንያዎቹ የሕዝብን ድምፅ ይሰማሉ» ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ «ሁሉም ማታለያ ነው፤ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም» ይላሉ። ሁለቱም አስተያየቶች የነገሩን ግማሽ ብቻ የያዙ ናቸው። የሞኖፖሎችን ማፈግፈግ ምንነት ለመረዳት የትኛው ማፈግፈግ ጸንቶ እንደ ቀረ፣ የትኛው ደግሞ ጊዜያዊ ስልት ብቻ እንደ ነበረ፣ የልዩነቱም ምክንያት ምን እንደሆነ በተጨባጭ ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ መመርመር ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው። የተጠቀሱት ዘመናት በሌላ ሁኔታ ካልተገለጹ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የጥሬ ዕቃው ምንጭ ማን ነው?

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሰማይ የወረደ ተአምር አይደለም። ዛሬ ለጥያቄ መልስ የሚሰጡትና ሥዕል የሚሥሉት መሣሪያዎች የሚሠሩት፣ የሰው ልጆች የጻፉትን፣ የተናገሩትንና የሣሉትን እጅግ ብዙ ነገር ወስደው በቃላትና በምስሎች መካከል ያለውን ዝምድና በቁጥር በማስላት ነው። የመምህሩ ማብራሪያ፣ የጋዜጠኛው ዘገባ፣ የእናት ለልጇ የጻፈችው ምክር፣ የወጣቱ ቀልድ፣ ሁሉም ለዚህ ስሌት ጥሬ ዕቃ ናቸው። ይህ ጥሬ ዕቃ ባይኖር መሣሪያው ባዶ ቀፎ ነው። እንግዲህ ማሽኑ የኩባንያው ንብረት ቢሆንም፣ በማሽኑ ውስጥ የተከማቸው ዕውቀት የሚሊዮኖች የጋራ ሥራ ውጤት መሆኑ የማይታበል ሐቅ ነው። ምርቱ ኅብረተሰባዊ፣ ባለቤትነቱ ግን የጥቂቶች መሆኑ የነገሩ ዋና ቅራኔ ነው።

የትርፉን ምንጭ መመልከት ነገሩን ይበልጥ ያብራራዋል። ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ዋትስአፕን በባለቤትነት የያዘው ሜታ የተባለው ኩባንያ በ2023 ካስገባው ወደ 135 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ ውስጥ 132 ቢሊዮን ያህሉ የተገኘው ከማስታወቂያ ነው። ተጠቃሚው ለአገልግሎቱ ገንዘብ አይከፍልም ይባላል። ይሁን እንጂ የሚወደውንና የሚጠላውን፣ የሚገኝበትን ቦታና የሚውልበትን ሁኔታ ያስረክባል፤ ኩባንያውም ይህን ተጠቅሞ የሕዝቡን ዓይን ለማስታወቂያ ነጋዴ ያከራያል። አሁን ደግሞ በዚህ ላይ ሁለተኛ ጥቅም ተጨመረ። ያው ጽሑፍና ያው ፎቶግራፍ አዲሱን መሣሪያ ማሠልጠኛ ሆነ።

ከመጋረጃው በስተጀርባ የሚሠራው ላብ አደርም መረሳት የለበትም። ታይም መጽሔት በጃንዋሪ 2023 እንዳጋለጠው፣ ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ መሣሪያው አስጸያፊ ነገር እንዳይናገር ለማድረግ የሚያስፈልገውን የማጣራት ሥራ ያሠራው ሳማ በተባለ ተቋራጭ አማካይነት በኬንያ ሠራተኞች ነበር። እነዚህ ሠራተኞች ስለ ግፍ፣ ስለ ግድያና ስለ ሕፃናት መደፈር የተጻፉ ጽሑፎችን ቀኑን ሙሉ እያነበቡ ሲለዩ የሚደርሳቸው ክፍያ እንደ ደረጃቸው በሰዓት ከ1.32 እስከ 2 ዶላር ያህል ነበር። ስለዚህ «ማሽኑ ራሱን በራሱ ያስተምራል» የሚለው አነጋገር የተጠቃሚውንም የሠራተኛውንም ድርሻ የሚሸፍን መጋረጃ ነው።

የ«ሪኮል» ጉዳይ እንደ ማስተማሪያ

የተቃውሞውንና የማፈግፈጉን ሂደት ከመነሻው እስከ መድረሻው አጉልቶ የሚያሳየው የማይክሮሶፍት ኩባንያ ታሪክ ነው። ማይክሮሶፍት በሜይ 20 ቀን 2024 ለአዳዲስ ኮምፒውተሮች ያዘጋጀውን «ሪኮል»፣ ማለትም «ማስታወስ» የሚል ትርጉም ያለውን አገልግሎት አስተዋወቀ። አገልግሎቱ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ የሚታየውን ነገር በየጥቂት ሴኮንዱ ፎቶ እያነሣ ያስቀምጣል። ተጠቃሚው ከቀናት በኋላ «ያን ጊዜ ያየሁት ጽሑፍ የት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ካከማቸው ፎቶ ውስጥ ፈልጎ ያወጣለታል። ለሚረሳ ሰው ጠቃሚ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ነገር ግን በአንድ ሰው ስክሪን ላይ በአንድ ቀን ውስጥ የሚያልፈውን ማሰብ ይበቃል። የባንክ ሒሳብ፣ የሐኪም ውጤት፣ ለወዳጅ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ለሠራተኛ ማኅበር የተዘጋጀ የአቤቱታ ረቂቅ፣ ይህ ሁሉ በፎቶ ተይዞ በአንድ ቋት ውስጥ ይከማቻል። ኩባንያው «ፎቶዎቹ ከኮምፒውተሩ አይወጡም» ብሎ ተከራከረ። ይሁን እንጂ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎች የአገልግሎቱን የሙከራ ቅጂ መርምረው፣ ከፎቶዎቹ የተለቀመው ጽሑፍ በሚገባ ሳይመሰጠር እንደሚቀመጥ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ሰርጎ የገባ ሌባ ፕሮግራምም የወራት የሕይወት ታሪክን በአንዴ ጠቅልሎ ሊወስድ እንደሚችል በተግባር አሳዩ። የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣንም ከኩባንያው ማብራሪያ ጠየቀ። በዚህ ላይ ደግሞ አንድ ቀላል ጥያቄ ተነሣ። አገልግሎቱ በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት አስቀድሞ በርቶ የሚመጣ ነበር። ይህን ማን ጠየቀ? ማንስ ፈቀደ?

ተቃውሞው በበረታ ጊዜ ማይክሮሶፍት በጁን 7 ቀን 2024 ወደ ኋላ ተመለሰ። አገልግሎቱ ተጠቃሚው ወዶና ፈቅዶ ካላበራው በቀር ጠፍቶ እንደሚመጣ፣ የተከማቸውም ነገር እንደሚመሰጠርና ባለቤቱ በፊቱ፣ በጣት አሻራው ወይም በምስጢር ቁጥሩ ራሱን ሳያሳውቅ እንደማይከፈት አስታወቀ። ከስድስት ቀን በኋላም ለጁን 18 የተቆረጠውን የአገልግሎቱን መጀመሪያ ቀን አራዘመ። በኖቬምበር ለሞካሪዎች ብቻ ለቀቀው። በኤፕሪል 2025 ግን «ሪኮል» ለዚሁ ተብለው ለተሠሩት ኮምፒውተሮች ተመልሶ መጣ። ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ በበኩሉ በሜይ 2025 የተጠቃሚዎቹ ንግግር በዚህ አገልግሎት ፎቶ እንዳይነሣ በዊንዶውስ ላይ መከላከያ አበጀ።

ታዲያ ማን አሸነፈ? በ2025 የተመለሰው «ሪኮል» በ2024 የታወጀው «ሪኮል» አይደለም። አስቀድሞ የበራው ጠፍቶ መጣ፤ ያልተቆለፈው ተቆለፈ። ይህ በሕዝብ ተቃውሞ የተገኘ ተጨባጭ ውጤት ነውና ሊናቅ አይገባውም። በሌላ በኩል ግን ዕቅዱ ራሱ አልተተወም። ኩባንያው የለወጠው አካሄዱን እንጂ መድረሻውን አይደለም። ምክንያቱም ተቃውሞው የነካው አንድን ምርት ብቻ ሲሆን፣ ምርቱን የወለደው የትርፍ ፍላጎት ግን እንዳለ ነው።

የማፈግፈግ አራት መልኮች

በየኩባንያው የታየውን ማፈግፈግ አንድ ላይ ሰብስቦ የመረመረ ሰው አራት መልኮች እንዳሉት ይገነዘባል።

አንደኛው «አልገባችሁም» የሚል ማብራሪያ ነው። ዙም የተባለው የስብሰባ አገልግሎት በማርች 2023 የውል ቃሉን ለውጦ የደንበኞችን መረጃ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማሠልጠን የሚያስችል ሰፊ መብት ለራሱ ሰጠ። ሕዝቡ ይህን ያወቀው ከወራት በኋላ በኦገስት ነበር። ኩባንያው መጀመሪያ ማብራሪያ ሰጠ፤ ማብራሪያው ሕዝቡን ሳያረካ ሲቀር ግን በኦገስት 11 የደንበኞችን ድምፅ፣ ምስልና ጽሑፍ ለዚህ ሥራ እንደማይጠቀም በውሉ ውስጥ ጻፈ። አዶቢ የተባለው የሥዕልና የፎቶ ሶፍትዌር ባለቤትም በጁን 2024 ተመሳሳይ ማዕበል ገጠመው። ሠዓሊዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች የዕለት እንጀራቸውን የሚጋግሩበትን መሣሪያ ለመክፈት፣ ኩባንያው ሥራቸውን በማሽንም በሰውም ሊመለከት እንደሚችል የሚናገር ውል እንዲቀበሉ ተጠየቁ። አልቀበልም ያለ ሥራው ተዘጋበት። ከቁጣው በኋላ አዶቢ በዚያው ወር 18ኛ ቀን ውሉን በግልጽ ቋንቋ እንደገና ጻፈው። ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት፣ ማብራሪያ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ፣ ዋስትና የሚሆነው በውሉ ውስጥ የተጻፈው ቃል መሆኑን ነው።

ሁለተኛው የቀጠሮ ማፈግፈግ ነው። ሊንክድኢን የተባለው የሥራ ፈላጊዎችና የባለሙያዎች መገናኛ በሴፕቴምበር 2024 የአባላቱን ጽሑፍ ለማሠልጠኛ መጠቀሙ በታወቀ ጊዜ፣ የብሪታንያ ባለሥልጣን ጣልቃ በመግባቱ በዚያ አገር ሥራውን አቆመ። በኖቬምበር 2025 ግን በብሪታንያ እንደገና ቀጠለ። «አቆምን» የሚለው ቃል «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ደብቆ የያዘ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው የተደበቀ ማጥፊያ መስጠት ነው። ኩባንያው አገልግሎቱን አስቀድሞ ያበራና «የማይፈልግ ሊያጠፋው ይችላል» ይላል። ስላክ የተባለው የመሥሪያ ቤቶች መልእክት አገልግሎት በሜይ 2024 እንዲህ አድርጎ ተገኘ። መውጣት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ኃላፊው ለኩባንያው በኢሜይል ደብዳቤ መጻፍ ነበረበት። ሠራተኛው ራሱ፣ ንግግሩ የእሱ ሆኖ ሳለ፣ ማጥፊያው በእጁ አልነበረም። የተሰጠ ማጥፊያም መልሶ ይነጠቃል። አማዞን በድምፅ የሚታዘዘው «ኤኮ» በተባለው መሣሪያው አንዳንድ ዓይነቶች ላይ፣ የቤተሰቡ ድምፅ ወደ ኩባንያው እንዳይላክ የሚያደርገውን ምርጫ በማርች 28 ቀን 2025 አነሣው። ምክንያት ያደረገው አዲሱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በኩባንያው ማዕከል መሠራት ያለበት መሆኑን ነው።

አራተኛው እውነተኛ መተው ነው፤ ይህም ጥቂት ነው። አፕል በኦገስት 2021 ከተጠቃሚዎች ስልክ ወደ ኩባንያው ማከማቻ የሚላኩትን ፎቶዎች በስልኩ ውስጥ እንዳሉ ከታወቁ የሕፃናት መደፈር ምስሎች ጋር የሚያመሳክር ዘዴ እንደሚያስገባ አስታወቀ። ዓላማው በጎ መሆኑን የካደ አልነበረም። ሆኖም ከ90 በላይ የሲቪክ ድርጅቶች በአንድነት ፈርመው፣ ዛሬ ለአንድ በጎ ዓላማ በሰው ኪስ ውስጥ የተተከለ መርማሪ ነገ ለሌላ ዓላማ ሊታዘዝ እንደሚችል አስጠነቀቁ። አፕል በሴፕቴምበር ዕቅዱን አዘገየው፤ በዲሴምበር 2022 ደግሞ ፈጽሞ እንደተወው ተናገረ። ይህ ድል የተገኘው ተቃውሞው በየግሉ ማጉረምረም ሆኖ ባለመቅረቱ ነው። ባለሙያው፣ የመብት ተከራካሪውና ተራው ተጠቃሚ አንድ ጥያቄ ይዘው በመቆማቸው ነው።

አንድ ኩባንያ፣ ሦስት አገሮች

የማፈግፈጉ ጽናት በምን እንደሚወሰን ከሜታ ታሪክ በላይ የሚያስረዳ የለም። ኩባንያው በ2024 ተጠቃሚዎች በፌስቡክና በኢንስታግራም ላይ በይፋ ያወጡትን ጽሑፍና ፎቶግራፍ ማሠልጠኛ ለማድረግ ተነሣ። ዕቅዱ አንድ ነበር። የገጠመው ግን እንደየአገሩ የተለያየ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ከሜይ 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ጥሰት የፈጸመን ኩባንያ ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢው እስከ 4 በመቶ ሊያስቀጣ ይችላል። በዚህ ሕግ ላይ ተመሥርቶ ኖይብ የተባለው የኦስትሪያ የመብት ድርጅት በ11 አገሮች አቤቱታ አቀረበ። በአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን ጥያቄም ሜታ በጁን 14 ቀን 2024 ዕቅዱን አቆመ። በብራዚል ደግሞ የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በጁላይ 2 ቀን 2024 ሥራውን አገደ፤ እግዱ ቢጣስ በቀን 50,000 ሪያል ቅጣት ወሰነ። እግዱ የተነሣው በኦገስት መጨረሻ ሜታ ተጠቃሚዎችን ለማሳወቅና የመቃወም መብት ለመስጠት ከተስማማ በኋላ ነው። በአውስትራሊያ ግን የኩባንያው ተጠሪ በሴፕቴምበር 2024 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ከ2007 ጀምሮ አዋቂዎች በይፋ ያወጡት ነገር ሁሉ ራሳቸው የግል ካላደረጉት በቀር ለማሠልጠኛ መወሰዱን አመኑ። ለአውሮፓውያን የተሰጠው የመቃወሚያ መንገድ ለአውስትራሊያውያን ለምን አልተሰጠም ተብለው ሲጠየቁ፣ ልዩነቱ ከአውሮፓ የሕግ ሁኔታ የመጣ መሆኑን አስረዱ።

ይህ መልስ በጥንቃቄ ሊጤን ይገባዋል። ኩባንያው አንድ ነው፤ መሣሪያውም አንድ ነው፤ የተጠቃሚው ክብርም በሁሉም አገር እኩል ነው። ልዩነቱን ያመጣው የኩባንያው ኅሊና ሳይሆን ከፊቱ የቆመው ኃይል መጠን ነው። ሕግ ባለበት ቆመ፤ ቅጣት ባለበት ተደራደረ፤ ሁለቱም በሌሉበት ወሰደ።

ይህ ማለት ግን ሕግ በወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም። ሜታ በአውሮፓ ያቆመውን ሥራ በሜይ 2025 ቀጥሏል። አንድ የጀርመን የተጠቃሚዎች ማኅበር እንዲታገድለት ያቀረበውንም ጥያቄ የኮሎኝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜይ 23 ቀን ውድቅ አድርጎታል። ቅጣትም ቢሆን ለሞኖፖል የወጪ መዝገብ አንድ መስመር ሊሆን ይችላል። በ2019 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ከ87 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ መባከን በኋላ በፌስቡክ ላይ የጣለው ቅጣት 5 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ኩባንያው በዚያው ዓመት ያስገባው ገቢ ግን ከ70 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ሕግ የትግል ውጤትም የትግል መሣሪያም ነው፤ የሚይዘው የተደራጀ እጅ ከሌለው ግን ዝገት ይበላዋል።

ሠራተኛው ሲደራጅ

በዚህ ረገድ ለወዛደሩ ልዩ ትምህርት የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም ሠራተኞች ትግል ነው። ከ11,000 በላይ አባላት ያሉት የጸሐፊዎች ማኅበር በሜይ 2 ቀን 2023 ሥራ አቁሞ ለ148 ቀናት ጸና። የተዋናዮቹ ማኅበርም ከጁላይ እስከ ኖቬምበር ለ118 ቀናት አድማ መታ። ጸሐፊዎቹ ባገኙት የኅብረት ስምምነት መሠረት አሠሪው ጸሐፊን ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲጠቀም ሊያስገድደው አይችልም፤ በማሽን የተዘጋጀ ጽሑፍ ሲሰጠውም መናገር አለበት። ተዋናዮቹም መልካቸውና ድምፃቸው በማሽን ሲባዛ ፈቃዳቸው እንዲጠየቅና እንዲከፈላቸው የሚያደርግ ደንብ አስገቡ። በናይሮቢም በሜይ 2023 በላብ አደሮች ቀን ለታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በተቋራጭ በኩል የሠሩ ከ150 በላይ ሠራተኞች ተሰብስበው ማኅበር ለመመሥረት ወሰኑ።

የእነዚህን ትግሎች ውጤት ከተጠቃሚው ቁጣ ጋር ያነጻጸረ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የተጠቃሚው ቁጣ ፈጥኖ ይነድዳል፤ ፈጥኖም ይከስማል። ኩባንያውም ይህን ስለሚያውቅ ጊዜ ይገዛል። የተደራጀ ሠራተኛ ጥያቄ ግን በውል ላይ ይሰፍራል፤ የሚጠብቀው ማኅበርም አለው። ስለሆነም ውጤቱ በአንድ ሰሞን ወሬ አይለካም።

ከሁለት ስሕተቶች መራቅ

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው ማሽኑን ራሱን እንደ ጠላት የሚቆጥር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ከ1811 ጀምሮ፣ የእንግሊዝ ሸማኔዎችና የሹራብ ሠራተኞች ኑሯቸውን ያናጉባቸውን ማሽኖች በመዶሻ ሰባብረዋል። ብሶታቸው እውነተኛ ነበር፤ ሆኖም ማሽኑ ተሰብሮ ባለቤትነቱ ሳይነካ ቀረ። ዛሬም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሐኪምን፣ መምህርንና ገበሬን ሊያግዝ የሚችል መሣሪያ መሆኑ አይካድም። ጥያቄው «መሣሪያው ይኑር ወይስ አይኑር?» ሳይሆን «በማን ፈቃድ ይሠራል? ማንንስ ያገለግላል?» የሚል ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የተሸናፊነት ነው። «የምደብቀው ነገር የለኝም፤ ምን አገባኝ?» የሚል ሰው ምስጢርን ከወንጀል ጋር ያምታታል። ማንም ሰው የቤቱን በር የሚዘጋው ሌብነት ስለሠራ አይደለም። ደግሞም የአንድ ሰው መረጃ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በስልኩ ውስጥ የጎረቤቱ ቁጥር፣ የልጁ ፎቶግራፍ፣ የሥራ ባልደረባው ምስጢር አለ። አንዱ ቸልተኛ በሆነ ቁጥር ያልተጠየቀው ሌላው ይጋለጣል። ስለዚህ የግል ምስጢርን መጠበቅ በመሠረቱ የጋራ ጉዳይ ነው።

የእኛ ድርሻ

በአገራችን የግል ሕይወት መከበር መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ተደንግጓል። ይኸው አንቀጽ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችን ጭምር ይጠብቃል። ከዚህም በላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስፈጻሚ እንዲሆን ተደርጓል። የአዋጁ ቁጥር የያዘው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። ከላይ እንደታየው ሕግ ያለበት አገር ሕዝብና ሕግ የሌለበት አገር ሕዝብ በአንድ ኩባንያ ፊት እኩል አይታዩም። እንግዲህ መሣሪያው በእጃችን ነው፤ የሚቀረው ማወቅና መጠቀም ነው። ማንም ያልጠየቀበት መብት ሥራ ፈትቶ ይቀመጣልና።

በመሆኑም የነዋሪዎች ማኅበራትና ዕድሮች በቅድሚያ የገዛ ቤታቸውን ሊመረምሩ ይገባል። የአባላት ዝርዝር፣ የመታወቂያ ፎቶግራፍ፣ የሐዘንተኛ ቤተሰብ አድራሻ፣ የችግረኛ አባል የዕርዳታ ማመልከቻ በየጸሐፊው ስልክ ውስጥ ይገኛል። ሥራ ለማቅለል ሲባል ይህን መዝገብ በነፃ ለሚሰጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መስጠት፣ የሌላውን ሰው ምስጢር ያለ ፈቃዱ ማስረከብ ነው። ማኅበሩ የአባላቱን መረጃ ማን እንደሚይዝ፣ ለምን እንደሚውልና መቼ እንደሚሰረዝ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ቢያሰፍር፣ ከኩባንያዎች የሚጠይቀውን ሥርዓት በራሱ ላይ ጀመረ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በየስብሰባው ላይ የስልክን ማስተካከያ ገጽ አንድ ላይ ከፍቶ መመልከት ይቻላል። ወጣቱ ለአዛውንቱ፣ የሚያነብ ለማያነብ ያሳይ። ኩባንያው አስቀድሞ ያበራው የትኛው ነው? ማይክሮፎኑን፣ ካሜራውንና የስልክ መዝገቡን የሚጠቀመው የትኛው መተግበሪያ ነው? አላስፈላጊ የሆነው ይጥፋ። ይህ ብቻውን ሞኖፖልን አያንበረክክም፤ ነገር ግን ዝምታን ይሰብራል። ኩባንያው የሚተማመነውም በዚሁ ዝምታ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበራት ጉዳዩን በኅብረት ስምምነት ድርድር ውስጥ ሊያስገቡት ይገባል። አሠሪው በሥራ ቦታ ኮምፒውተርና ካሜራ የሚሰበስበው መረጃ ምን እንደሆነ ያሳውቅ፤ የሠራተኛውን ንግግርና የሥራ ውጤት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማሠልጠን ሲፈልግ ይጠይቅ፤ ሠራተኛም በማሽን ግምት ብቻ እንዳይቀጣና እንዳይሰናበት ይጻፍ። የፊልም ሠራተኞቹ ያሳዩን መንገድ ይኸው ነው፤ ቃል በቃል ሳይሆን በውል።

በመጨረሻም፣ ከላይ የተዘረዘሩት ታሪኮች ሁሉ ወደ አንድ መደምደሚያ ያመራሉ። ሞኖፖል በራሱ ፈቃድ ያፈገፈገበት ጊዜ አልታየም። ያፈገፈገው ጭብጥ የያዘ ባለሙያ፣ የተባበረ ተጠቃሚ፣ የነቃ ሕግ አስፈጻሚና የተደራጀ ሠራተኛ ፊቱን ሲዘጉበት ነው። እነዚህ በተበተኑበት ጊዜና ቦታ ደግሞ ተመልሶ መጥቷል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ ዘመንም ይሠራል፤ ድሩ ግን በአንድ ሰሞን ቁጣ የሚፈተል አይደለም። በየማኅበሩ፣ በየሥራ ቦታውና በየስብሰባው እየተፈተለ ሊጠነክር ይገባል።

የሰው ቃል የሰው ነው፤ ሳይጠየቅ አይወሰድ! ዝምታ ፈቃድ አይደለም!